ንድፉ በኋላ

ሰኞ ጠዋት ገባሁ፣ ጠመኔ አነሣሁ፣
«ሸክም የሚችል ነገር» ብዬ ጻፍኩላቸው፤
«ንድፉ በመጀመሪያ!» ሁለቴ አሰመርኩ፣
ወረቀት አደልኩ፣ ሦስት ሳምንት ሰጠኋቸው።

ሠላሳ ዘጠኝ ወንዶች፤
ከመስኮቱ ማዶ ጣና ሲያብረቀርቅ፣
ገሚሱ እርሳስ ሲቀርጽ፣ ገሚሱ ሲሣሣቅ፤
«ቲቸር፣ ስንት ኪሎ?» «ሰው ነው ወይስ ዕቃ?»
«ሐሳብስ ይጫናል?» የኔሰው ነው በቃ፣
ያለ እሱ ጥያቄ ክፍሉ መች ሊነቃ።

ባዘዘው የዓባይን ድልድይ አቆመልን፣
በስድስት ፓኬት ስቴኪኒ፣ በኮላ አጣብቆ፤
አንዱን ጡብ ተሸክሞ ቀጥ አለ እንደ ወታደር፤
ሁለተኛው ሲደርስ ሄደ ተሰነጣጥቆ።
ሣቅን። እሱም ሣቀ፣ ፊቱን ደባብቆ።

አንሙት የማዳበሪያ ከረጢት ቀደደና
ቦርሳ ሰፍቶ መጣ፣ ባለ ሁለት ማንገቻ፤
መርፌውን ካልሲው ውስጥ ሸሽጎ እየከረመ፣
መብራት ከጠፋ ወዲያ፣ በባትሪ፣ ለብቻ።
«እንዳይሉኝ ነው ቲቸር...» ብሎ ዝም አለና
ጫፉን ይነካካል። አልጠየቅሁትም፤
እኔም በወንዶች መኝታ ያደግሁ ነኝና።
ቦርሳዋን ገዛኋት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርቴን ትይዛለች፣
አንድ ስፌቷ እንኳን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

እንድሪስ ግን ባዶ ወረቀት ሰጠኝ።
ከላይ ስሙ አለ፣ ክፍሉም፣ ዘጠኝ ሐ፤
ከዚያ በታች ነጭ ነው፣ ጭረት እንኳ የለም።
«የታል ንድፉ?» ብለው፣
ጫማውን እያየ፣ ድምፁ እየሰለለ፣
«ከተሠራ በኋላ ብስለው ምን አለ?»

ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ማፈሬ ካልቀረ፤
በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ሁለት ሰጠሁት፣
«መመሪያ አልተከተለም» ብዬም ጻፍኩበት፤
ፊርማዬ ያማረ፣ እጄ ያልተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ ወረድኩኝ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር።
አባቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ
ደንገል ያስራል፣ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ፤
ሜትር የለ፣ እርሳስ የለ፣ ስንዝር እንኳ አልለካ፤
ተረከዙን ተከለ፣ ሳበ፣ አጠበቀ፣
ጆሮውን ዘንበል አርጎ የእስሩን ድምፅ ሰማ።
ልጁ ከጎኑ ነው፤ ክንድ የምታህል ታንኳ
ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣
አባቱ ሲስብ ይስባል፣ ሲተው ይተዋል።

«ስንት ጊዜ ትቆያለች?» አልኩ፣ ወሬ ለማስጀመር።
«ሁለት ወር። ሦስት ቢበዛ። ከዚያ ውሃ ትጠጣና ትከብዳለች።»
«ይሄን ሁሉ ለፍተው?»
ሰውየው ገመዱን ከአፉ አወጣና ሣቀብኝ፤
«እጄ አለ አይደል እንዴ?»

የወላጆች ቀን ታንኳዋ ገንዳ ላይ
ሁለት ጡብ ተሸክማ ስትንሳፈፍ ታየች፤
ባዘዘው ነው ቀድሞ ያጨበጨበው፣ መዳፉ እስኪቀላ።
ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሏቸው
ባለ መስታወቱን መደርደሪያ ከፈቱላት፤
ስሙ በካርቶን ተጽፎ፣ እሷ ከበላይ ተቀመጠች።

በዘጠነኛው ቀን የለችም።
«ደንገል ውሃ ሲያጣ ይፍረከረካል ቲቸር፤
እዚያ ውስጥ እያየኋት? አልቻልኩም፤ ለቀቅኋት።»
አጥፎ የያዘውን ወረቀት ዘረጋልኝ፤
ያው ያ ባዶው ነው፤ ቀዩ ሁለት አለበት።
ታንኳ አልሳለበትም።
ተረከዝ፣ ጭቃ ውስጥ የገባ። ጥርስ። ቋጠሮ።
በትንንሽ ቀስት፣ «እዚህ ጋ ሳብ»፣ «እዚህ ጋ ስማ»።

አሁን መደርደሪያው ውስጥ ካርቶኑ ብቻ አለ፤
እንድሪስ፣ ዘጠኝ ሐ፤ ሸክም የሚችል ነገር፤
ጣውላው ላይ ደብዛዛ የውሃ ጠባሳ አለ።
ርዕሰ መምህሩ ሲያልፉ በየጠዋቱ
«የእግር ኳሱን ዋንጫ እናስገባበት እንጂ!» ይሉኛል፤
«ቁልፉ ጠፋብኝ» እላለሁ፣
ኪሴ ውስጥ በጣቴ ጥርሱን እየቆጠርኩ።